ባለጉዳዩ ሲሞት መዝገቡ ምን ይሆናል?

በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ቂርቆስ ምድብ ችሎት ቀጠሮ ያለው ሰው በማለዳ ይደርሳል። መዝገብ በየተራ ይጠራል፤ ከሳሽ ይነሣል፣ ተከሳሽ ይነሣል፣ ክርክሩ ካቆመበት ይቀጥላል። አንዳንድ ቀን ግን የተጠራው ስም መልስ ያጣል። ይደገማል። ይሄኔ ከኋላ ወንበር ጥቁር የለበሰች ወጣት ብድግ ትልና «አርፈዋል፣ ክቡር ፍርድ ቤት» ትላለች።

ዳኛው ቀጥሎ የሚጠይቁት አጭር ነው፤ ወራሽ አለ? ለዚህ ጥያቄ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ቤተሰብ ብዙ አይደለም። አንዳንዱ «እሳቸው ከሄዱ ክሱም አብሮ ሄደ» ብሎ ከቀብር ከተመለሰ በኋላ በፍርድ ቤት ደጅ ዝር አይልም። ሌላው ሟች በሕይወት ሳሉ የሰጡትን ውክልና ይዞ ምንም እንዳልተፈጠረ መከራከሩን ይቀጥላል። ሁለቱም መንገድ ስተዋል። የሁለተኛው ይብሳል፤ ምክንያቱ ኋላ ይመጣል።

አድማጮች፣ የዛሬው ዝግጅት በዚህ ላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ክርክር መካከል አንዱ ተከራካሪ ቢሞት ክሱ ምን ይሆናል? ማን ይቀጥለዋል? የትኛውስ ክስ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል?

መነሻው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት ይህ ሕግ ገና በመጀመሪያው ቁጥር ሰው የመብት ባለቤት የሚሆነው ከልደቱ እስከ ሞቱ እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ የሞተ ሰው አይከስም፣ አይከሰስም። ይኸው ሕግ ስለ ውርስ በሚናገርበት ቁጥር 826 ላይ ግን አብሮ ከሚሞተው በስተቀር የሟች መብትና ግዴታ ወደ ወራሾቹ ይተላለፋል ይላል። ሟች ያበደረው ገንዘብ ካልተመለሰለት፣ የገዛውን ቤት ካልተረከበ፣ የተወሰደበትን ይዞታ ካላስመለሰ፣ ይህን የመጠየቅ መብቱ ከሌላው ንብረቱ ጋር ለልጆቹ ይደርሳል።

በችሎት ውስጥ ይህ እንዴት እንደሚፈጸም የሚያሳየው የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲሆን፣ ድንጋጌዎቹ ከቁጥር 48 ይጀምራሉ። የመክሰሱ መብት ከሞት በኋላ የሚዘልቅ እስከሆነ ድረስ የከሳሽ ወይም የተከሳሽ መሞት ክሱን አያስቀረውም። ከብዙ ከሳሾች አንዱ ቢሞትና መብቱ በሕይወት ላሉት ብቻ የሚቀር ቢሆን፣ ይህ በመዝገቡ ላይ ተጽፎ ክርክሩ ይቀጥላል። ካልሆነ የሟች ወራሽ ወይም ሕጋዊ ወኪል በቦታው ይተካል። ሥርዓቱ ከሌላ አገር ተቀድቶ የመጣ ነው፤ የ1908 እ.ኤ.አ. የህንድ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለኢትዮጵያው ሕግ ዋና አርአያ ነበር።

የሚገርመው፣ ያን ጊዜ ህንድን ይገዙ የነበሩት እንግሊዞች በገዛ አገራቸው ከዚህ የከበደ ልማድ ነበራቸው። በሰው አካል ወይም ንብረት ላይ በደረሰ ጉዳት የሚነሣ ክስ ከበዳዩ ወይም ከተበዳዩ ጋር ይሞት ነበር። አንድ አሽከርካሪ ሰው ገጭቶ እሱም በዚያው አደጋ ቢሞት የተጎዳው ሰው ካሳ የሚጠይቀው አካል አያገኝም ነበር። መኪና ሲበዛ ግፉም ስለበዛ በ1934 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ይህ ልማድ ተሻረ። የስም ማጥፋት ክስ ብቻ እስከ ዛሬ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የእንግሊዝ ሳይሆን የስኮትላንድ የሆነ ክስ፣ ተከራካሪ ሞቶም ክስ ለመቀጠሉ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1928 እ.ኤ.አ. ዶናሂው የተባለች ሴት ጓደኛዋ ገዝታ የጋበዘቻትን የዝንጅብል መጠጥ ጠጥታ ጠርሙሱ ውስጥ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ነበረበት አለች፤ ታመመች፤ አምራቹን ዴቪድ ስቲቨንሰንን በ500 ፓውንድ ከሰሰች። ጉዳዩ ለንደን እስከሚገኘው የጌቶች ምክር ቤት ደረሰና በግንቦት 1932 እ.ኤ.አ. አምራች ለማያውቀው ሸማች ኃላፊነት አለበት የሚለው ታላቅ ውሳኔ ተሰጠ። የአምራችን ኃላፊነት በሚመለከት ክርክር ሁሉ የሚጠቀሰው ይህ ውሳኔ ግን ቀንድ አውጣው በእርግጥ ጠርሙሱ ውስጥ መኖር አለመኖሩን አልመረመረም። ያ ምርመራ ገና ሲጠበቅ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ስቲቨንሰን ሞተ። ክሱ አልሞተም። የንብረቱ አስፈጻሚዎች በእግሩ ተተኩ፣ በመጨረሻም ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ስለ ቀንድ አውጣውም እስከ ዛሬ ማስረጃ የሰማ ዳኛ የለም።

ወደ ቂርቆስ እንመለስ። ክፍለ ከተማው አሮጌ ሰፈሮችን የያዘ ነው፤ ካዛንቺስ፣ መሿለኪያ፣ ላ ጋር፣ ሪቼ። በአንድ ወገን የአፍሪካ አዳራሽና ሂልተን ሆቴል፣ በሌላው ወገን አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ በር የሚገቡባቸው ግቢዎች የነበሩበት ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር የቤት ክርክር ከሰው ዕድሜ ሊረዝም ይችላል። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ በአንድ ግቢ ውስጥ የግል ቤትና የቀበሌ ቤት ተደባልቀው ኖረዋል፤ የጋራ በር፣ የጋራ ሽንት ቤት፣ የማን እንደሆነ ያልለየ ጥግ አለ። ክሱን የጀመረው ሰው የፍርዱን ቀን ሳያይ ማረፉ ብርቅ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የቀበሌ ቤት የኪራይ ቤት ነው። ተከራዩ ሲሞት ቤቱ በውርስ ሀብት ውስጥ አይቆጠርም፤ አብረው ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች በኪራዩ ይቀጥሉ እንደሆነ የሚወስነው የከተማው የቤቶች አስተዳደር መመሪያ ነው። የግል ይዞታ ግን ከነክርክሩ ይወረሳል። በሰፈሩ ወሬ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ።

አሁን እንዲህ እንበል። በካዛንቺስ የግል ይዞታ ያላቸው አንዲት እናት፣ ጎረቤቴ የግቢዬን ጥግ አጥሮ ኩሽና ሠራበት ብለው ከሰዋል። ልጆቻቸው ሦስት ናቸው። አንደኛዋ አብራቸው ትኖራለች፣ ሁለተኛው ዋሽንግተን ነው፣ ሦስተኛው ከእናቱ ቀድሞ ሞቶ ሁለት ልጆች ትቷል። ምስክሮች ተሰምተዋል፣ መሐንዲስ ቦታውን ለክቶ አስተያየቱን ለፍርድ ቤት አቅርቧል፣ መዝገቡ ለሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል። እናት በዚህ መካከል አረፉ።

የመጀመሪያው ሥራ ለፍርድ ቤቱ ማሳወቅ ነው። አብራ የምትኖረው ልጅ ቀጠሮው ሳይደርስ በአቤቱታ ብታሳውቅ ይመረጣል፤ ሳይሆን ቢቀር በቀጠሮው ቀን ቀርባ መናገር አለባት። ፍርድ ቤቱ ወራሾች ተተክተው እንዲቀርቡ ጊዜ ይሰጣል። የተሰማው ምስክርና የመሐንዲሱ አስተያየት አይሻርም፤ ክርክሩ ካቆመበት ይቀጥላል። የተተኩት ልጆች የእናታቸውን ክስ እንዳለ ይረከባሉ። እናት የጠየቁት የድንበር ጉዳይ ሆኖ ሳለ ልጆቹ በዚያው መዝገብ «ለእኔም ያበደርኩህ ገንዘብ አለ» ብለው ጎረቤቱን ሊይዙት አይችሉም። ያ ሌላ ክስ ነው፤ የራሱ መዝገብ ይከፈትለታል።

ሁለተኛው ሥራ ወረቀት ነው፤ ቤተሰብ የሚደናቀፈውም እዚህ ነው። ሞት ይመዘገባል። በ2004 በወጣው አዋጅ ቁጥር 760 መሠረት ሞት ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ለመዝጋቢው መነገር አለበት። ሟች እንደ ዘውዲቱ መታሰቢያ ባለ ሆስፒታል አርፈው ከሆነ ሆስፒታሉ የሚሰጠውን ወረቀት ይዞ ወደ ወረዳው የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መሄድ ነው። ችግሩ 30 ቀን ከአርባ በፊት መድረሱ ነው። በአዲስ አበባ ለቅሶ ቤት ሰልስት በወጣ ማግስት ስለ ወረቀት ያነሣ ልጅ «እናቱን ሳያለቅስ ቤት የሚያሳድድ» ይባላል። ስለዚህ ሁሉም አርባውን ይጠብቃል፣ ሕጉ ግን አርባ አይጠብቅም። የዕድር ዳኛ የሆኑ አረጋውያን ይህን ቢያውቁና ራሳቸው ቢያነሡት ስንት ቤተሰብ ከወቀሳ በዳነ ነበር።

ቀጥሎ የወራሽነት ማረጋገጫ ይመጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 996 ወራሽ የሆነ ሰው ወራሽነቱንና ድርሻውን የሚገልጽ ማስረጃ ከፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። በአዲስ አበባ ይህን ማስረጃ የሚሰጠው በከተማዋ ቻርተር የተቋቋመው የከተማ ነክ ፍርድ ቤት ነው። አመልካች የሞት ማስረጃ ያቀርባል፣ ሟችንና ልጆቹን የሚያውቁ ምስክሮች ያሰማል። ከምስክሮቹ ብዙ ጊዜ አንዱ የዕድር ሰው ነው፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ከዕድር መዝገብ በላይ የሚያውቅ በሰፈሩ የለም።

ከሁሉ በላይ ሁሉንም ወራሽ መጥራት ያስፈልጋል። በምሳሌያችን ዋሽንግተን ያለው ልጅ አይዘለልም። የሞተው ልጅ ልጆችም አይዘለሉም፤ በቁጥር 842 መሠረት የሟች ልጆች እኩል ይወርሳሉ፣ ከእነሱ አንዱ ቀድሞ ሞቶ ከሆነ ልጆቹ በአባታቸው ቦታ ይገባሉ። ሴት ልጅ አንድ ሦስተኛ፣ የዋሽንግተኑ አንድ ሦስተኛ፣ ሁለቱ የልጅ ልጆች እያንዳንዳቸው አንድ ስድስተኛ ይደርሳቸዋል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ካለም ድርሻው እኩል ነው። ተረግዞ ያልተወለደ ልጅ እንኳ ለጥቅሙ ሲባል እንደተወለደ ይቆጠራል፤ በሕይወት ተወልዶ ለ48 ሰዓት መኖር አለበት እንጂ። «እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ማስረጃ ያወጣ ወራሽ የተደበቀው ሲመጣ ማስረጃው ሊሰረዝበት ይችላል።

ባል ወይም ሚስትስ? ብዙ ሰው በዚህ ይደነግጣል። በኢትዮጵያ ሕግ የትዳር ጓደኛ፣ በኑዛዜ ካልሆነ በቀር፣ ወራሽ አይደለም። የሚደርሰው ከጋራ ሀብቱ ግማሹ ነው፤ ያም በውርስ የመጣ ሳይሆን ቀድሞም የራሱ የነበረ ነው። ስለዚህ ክርክሩ በጋራ ንብረት ላይ ከሆነ በሕይወት ያለው የትዳር ጓደኛ በራሱ መብት፣ ልጆች በሟች ድርሻ ጎን ለጎን ይቆማሉ። አንድ ላይ ተሰልፈው ጎረቤትን ሲከራከሩ ፍቅር ነው፤ ጎረቤቱ ተረትቶ ቦታው ሲመለስ እርስ በርስ መፋጠጥ የሚጀምርበት ቤትም ሞልቷል።

ልጆቹ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ከሆኑ በሕይወት ያለው ወላጅ ሞግዚት ሆኖ ይቀርብላቸዋል። የእሱና የልጆቹ ጥቅም የሚጋጭ ከሆነ ግን ፍርድ ቤት ሌላ ሰው ይሾማል። ከወራሾቹ አንዱ የት እንዳለ የማይታወቅ ቢሆንስ? ከቀይ ሽብር ዘመን ጀምሮ ወጥቶ የቀረ ልጅ፣ በቅርቡም በበረሃና በባሕር ተሰዶ ወሬው የጠፋ ልጅ ያለበት ቤተሰብ ብዙ ነው። ሕጉ ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማን ሰው ፍርድ ቤት «መጥፋቱ ተረጋግጧል» ብሎ እንዲያውጅ መጠየቅን ይፈቅዳል። ይህ ሳይደረግ የጠፋውን ልጅ ስም ዝም ብሎ መዝለል ኋላ የሚመለስ ጣጣ ነው።

ፍርድ ቤቱ የሰጠው ቀን ደርሶ ወራሽ ባይቀርብ፣ የሟች ክስ ይቋረጣል። በኋላ በቂ ምክንያት አለኝ የሚል ወራሽ መዝገቡ እንዲንቀሳቀስ መጠየቅ ይችላል፤ ነገር ግን ምክንያቱን ማስረዳት የእሱ ሸክም ነው። የይርጋ ጊዜም እስከዚያ አይተኛም።

ተከሳሹ ሲሞት ነገሩ ይገለበጣል። አሁን የሚደክመው ከሳሽ ነው፤ የሟችን ወራሾች ፈልጎ ስማቸውንና አድራሻቸውን ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው እሱ ነው። ያልተገኙት በጋዜጣ ይጠራሉ፤ በአዲስ ዘመን ገጾች ላይ «የሟች ወራሾች» እየተባለ የሚወጣው ጥሪ ምንጩ ይህ ነው። ወራሾች የሚፈሩት የአባታቸው ዕዳ በራሳቸው ደመወዝና ቤት ላይ ይወርዳል ብለው ነው። ውርስ ተጣርቶ እስኪያልቅ ግን ራሱን የቻለ ሀብት ነው። ባለዕዳ ሆኖ የሞተ ሰው ዕዳ የሚከፈለው ከዚያ ሀብት ነው፤ ከአባቱ አንድ ወንበር ያልወረሰ ልጅ ከኪሱ እንዲከፍል አይገደድም። ሁሉንም ማየት የማይፈልግ ወራሽ ውርሱን አልቀበልም ማለትም ይችላል።

ዕዳው የሚከፈልበት ተራም በሕግ ተቀምጧል። ቁጥር 1014 መጀመሪያ የቀብር ወጪን፣ ከዚያ የውርሱን ማጣራት ወጪ፣ ከዚያ የሟችን ዕዳ ያስቀድማል። የቀብር ወጪ የሚቆጠረው የሟችን የኑሮ ደረጃ ያገናዘበ ሲሆን ነው፤ ተዝካር ግን እዚህ ውስጥ አይገባም። የ1952ቱ ሕግ አውጪ የሀበሻን ቤት በደንብ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ለተዝካር በሬ ጥለው ድንኳን የተከሉ ወራሾች «ሀብቱ አለቀ» ብለው አበዳሪውን ባዶ እጁን ሊሸኙት አይችሉም።

ፍርድ ከተሰጠ በኋላ የሚመጣ ሞትም አለ። የፍርድ ባለመብቱ ቢሞት ወራሾቹ አፈጻጸም ይጠይቃሉ፤ የፍርድ ባለዕዳው ቢሞት አፈጻጸሙ በወራሾቹ እጅ በገባው የሟች ንብረት ልክ ይቀጥላል። ጊዜው ግን ወሰን አለው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 384 ፍርድን ለማስፈጸም አሥር ዓመት ይሰጣል። አባት ያስፈረዱት ፍርድ በሳጥን ውስጥ ተቀምጦ አሥር ዓመት ካለፈው ልጆች የሚይዙት ወረቀት ብቻ ይሆናል።

እስካሁን ሞትን አልፈው ስለሚሄዱ ክሶች ነው የተነጋገርነው። የማይሻገሩም አሉ። ግልጹ ፍቺ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻ የሚፈርስባቸው ምክንያቶች ሲዘረዘሩ ከባልና ሚስት የአንዱ መሞት አንዱ ነው። የፍቺ ክስ ቀርቦ ገና ሳይወሰን ባል ቢሞት ጋብቻው በሞት ፈርሷል፤ የቀረ የሚፈታ ነገር የለም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ይሁንና ሚስትየዋ በሕግ ፊት የተፈታች ሴት ሳትሆን ባሏ የሞተባት ሴት ሆነች፤ የጋራ ሀብቷን ግማሽ የምትካፈለውም ከባልዋ ጋር መሆኑ ቀርቶ ከወራሾቹ ጋር ሆነ። አንዳንዴ እነዚህ ወራሾች ከሌላ ሴት የተወለዱ፣ ስማቸውን በለቅሶው ቀን የሰማቻቸው ልጆች ናቸው።

ከሥራ ያለአግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ከሶ ቢሞት ሞት የሥራ ውሉን ያቋርጠዋል፤ ወራሹ በእሱ ወንበር ልቀመጥ ማለት አይችልም። ያልተከፈለው ደመወዝ ግን ገንዘብ ነውና ለሚመለከታቸው ይደርሳል። ግዴታው በሰውየው የግል ችሎታ ላይ የተመሠረተ ሲሆንም እንዲሁ ነው፤ ሥዕል ሊሥል ተዋውሎ የሞተ ሠዓሊ ልጅ ብሩሽ ያዝ ተብሎ አይገደድም፤ አባቱ የተቀበለውን ቀብድ ስለመመለስ ግን ውርሱ ይጠየቃል። የወንጀል ክስም ከተከሳሹ ጋር ያበቃል። በደርግ ባለሥልጣናት ላይ የተመሠረተው የዘር ማጥፋት ክስ ከ1987 እስከ 1999 ሲሰማ ፍርዱን ሳያዩ የሞቱ ተከሳሾች ነበሩ፤ በእነሱ ላይ ቅጣት የሚወስን ፍርድ ቤት አይኖርም።

በአደጋ የሞተ ሰው ቤተሰብ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2095 የሟች የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች መተዳደሪያቸውን ስላጡ ካሳ የሚጠይቁት በራሳቸው ስም ነው። ይህ ከሟች የወረሱት ክስ አይደለም፤ ሟች አንድ ቀን ሳይከስ ቢሞትም መብታቸው አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ወድቆ 157 ሰዎች ሲሞቱ ቤተሰቦቻቸው ቦይንግን በቺካጎ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰዋል፤ በአሜሪካ ሥርዓት ከሳሽ ሆኖ የሚቀርበው የሟቹ ንብረት ወኪል ሆኖ የተሾመው ሰው ነው። መንገዱ ቢለያይም ባለቤቱ በሌለበት የሚናገርለት አካል መፈለጉ አንድ ነው።

አሁን ወደ ውክልናው። ውክልና የተለየ ስምምነት ካልተደረገ በቀር ወካዩ ሲሞት ይቋረጣል። ጉዳዩ የሚጎዳ ከሆነ ተወካዩ ወራሾች እስኪደርሱ ድረስ አስቸኳዩን ነገር መያዝ አለበት፤ ለዘላለም ግን አይከራከርም። በአዲስ አበባ ይህ ደንብ የሚጣሰው በክፋት ብቻ አይደለም። ውጭ አገር የሚኖር ልጅ ለወንድሙ ውክልና ይልካል፣ እናት ለጎረቤት ልጅ ትወክላለች፣ ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ስላለ የሚሠራ ይመስላል። የሚደርሰው ጉዳት ግን ከባድ ነው። በሞተ ሰው ውክልና የተፈጸመ ስምምነት ሊፈርስ ይችላል፤ በዚያ ውክልና የቆመ ክርክርና የተሰጠ ፍርድም እንዲሁ። ያልተጠራው ወራሽ ከዓመታት በኋላ መጥቶ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 የፍርድ መቃወሚያ ሲያቀርብ ቤተሰቡ ያገኘ የመሰለው ድል እንደገና ይመረመራል። «ለጊዜው ዝም እንበል» ያለው ወንድም ጊዜ ሊያተርፍ አስቦ ዓመታት ያከስራል ማለት ነው። ተወካዩ የወካዩን ሞት እያወቀ በውክልናው ሠርቶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከፍትሐ ብሔር ወጥቶ ወደ ፖሊስ ሊሄድ ይችላል።

ወራሾች እርስ በርስ ካልተስማሙስ? አንዱ ታረቁ ይላል፣ ሌላው እስከ ሰበር እንሂድ ይላል። ይህን ለመፍታት ሕጉ ውርስ አጣሪን ያውቃል፤ የሟችን ዕዳና ብድር ሰብስቦ፣ ወራሾችን ለይቶ፣ ሀብቱን ለክፍያ የሚያዘጋጅ ሰው ነው። ወራሾች ራሳቸው አጣሪ ናቸው፤ ሲጣሉ ፍርድ ቤት ሌላ ይሾማል። እርስ በርስ የሚነሣው የውርስ ጥያቄም የራሱ ሰዓት አለው። በቁጥር 1000 መሠረት ወራሽነቴ ይታወቅልኝ፣ ንብረቱም ይመለስልኝ የሚል ክስ መብቱንና ንብረቱ በሌላ እጅ መሆኑን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ለርስት ከተደረገው ልዩ ሁኔታ በቀር ከ15 ዓመት በኋላ የሚሰማ የለም። «ወንድሜ ነው፣ ቀስ ብዬ እጠይቀዋለሁ» እያሉ ዘመን ማሳለፍ ያለው ዋጋ ይህ ነው።

ሁለቱም ወገን ሲሞት ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ የአሜሪካ የማርሻል ክስ አለ። አና ኒኮል ስሚዝ የተባለች ዝነኛ ሴት ከሞተው ሽማግሌ ባለጸጋ ባሏ ሀብት ድርሻ አለኝ ብላ ከባልዋ ልጅ ከፒርስ ማርሻል ጋር ተካሰሰች። በግንቦት 2006 እ.ኤ.አ. ጉዳዩ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ ውሳኔ አገኘ። በቀጣዩ ወር ፒርስ ሞተ። በየካቲት 2007 እ.ኤ.አ. እሷም ሞተች። ክሱ ግን በንብረት አስፈጻሚዎች ስም ሄዶ በ2011 እ.ኤ.አ. እንደገና እዚያው ፍርድ ቤት ደረሰ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስ ውሳኔያቸውን የጀመሩት ከቻርልስ ዲክንስ «ብሊክ ሃውስ» ልቦለድ በተወሰደ ስለማያልቅ ክስ በሚናገር ቃል ነበር፤ ያ ልቦለድ ተከራካሪዎቹ እየሞቱ የሚቀጥል የውርስ ክርክር ታሪክ ነው። ይህን ያነበበ የካዛንቺስ ሰው የሚደነቅ አይመስልም።

ካዛንቺስ ራሷ አሁን ተለውጣለች። በ2017 መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ሲጀመር ብዙ ግቢዎች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውሯል። በፍርድ ቤት መዝገብ የተያዘ ግቢ ሲፈርስ ደግሞ ጥያቄው ይቀየራል እንጂ አይጠፋም። ከሳሽ ቦታዬ ይመለስ ሲሉ የነበረው በካሳና በምትክ ቦታ ላይ ወደ መከራከር ይዞራል። ባለይዞታዋ በዚህ መካከል አርፈው ከሆነ ካሳውን የሚጠይቀው በእግራቸው የተተካው ወራሽ ነው፤ መሬት የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤትም የሚጠይቀው ያንኑ የወራሽነት ማስረጃ ነው። ሰፈሩ ስለተበተነ ግን ምስክር ማግኘት ከድሮው ይከብዳል። የዕድሩ ዳኛ ለሚ ኩራ፣ የጎረቤቷ ልጅ ገላን፣ ግቢውን የሚያውቁት መምህር ኮዬ ፈጬ ሊሆኑ ይችላሉ።

ስለዚህ በመካከል የቆመ ክስ ያለው ቤተሰብ ከአሁኑ ሊያደርግ የሚገባው ነገር አለ። የመዝገቡ ቁጥር፣ የችሎቱ ስምና የቀጠሮው ቀን በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ ከከሳሹ ውጭ ሌላ ሰው የት እንዳለ ይወቅ። የአባት ክስ በአባት ራስ ውስጥ ብቻ ከነበረ ልጆች አባታቸው ከሞቱ በኋላ ከየፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር መጠየቅ ይጀምራሉ። ጠበቃ ካለ ስልኩ ይታወቅ፤ የሞት ወሬ በመጀመሪያው ሳምንት ይነገረው፤ እሱም ለፍርድ ቤት ያሳውቅ። የሟች መታወቂያ፣ የጋብቻና የልደት ማስረጃዎች፣ ኑዛዜ ካለ ኑዛዜው በአንድ ቦታ ይሰብሰቡ። ውጭ ያለ ወራሽ ውክልናውን የሚሰጠው በራሱ ስም ነው፤ እናቱ ድሮ የሰጡት ውክልና ለእሱ አይሠራም። ሰነዱ ወራሹ በሚኖርበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተረጋግጦ ይላካል፤ ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ወንድሙ ቀጠሮው ሲደርስ ለችሎቱ ይህንኑ ተናግሮ ተጨማሪ ቀን መጠየቅ ይችላል። ዳኛ ያረፈን ሰው ዜና ሰምቶ ወራሾች ቀን ሲጠይቁት የሚከለክልበት ምክንያት የለውም፤ የሚቸገረው ማንም ሳይነግረው ሲቀር ነው።